የሱቁ ልጅና ደመወዝ የሌላቸው ሙዚቀኞች
ስለ ኤድዋርድ ኤልጋር የወጣትነት ዘመን በኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



በእንዲህ ያለ የኢዮቤልዩ በዓል ስለ አንድ የእንግሊዝ ሙዚቀኛ መናገር ከነገሩ የራቀ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን የዚህ ሰው ታሪክ የሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያን የኦርጋን ሰገነት ነው፤ ያደገውም ደመወዝ በሌላቸው የሰበካ መዘምራንና የሰፈር ሙዚቀኞች መካከል ነው። ስለዚህ ለዚህ ቀን እንግዳ አይሆንም። ሰውየው ኤድዋርድ ኤልጋር ይባላል። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጮች ያስታውሱ።

በጁን 19 ቀን 1899 ዓመት በሎንዶን ከተማ ሐንስ ሪኽተር የተባለው ስመ ጥር የሙዚቃ መሪ አንድ አዲስ ድርሰት አሰማ። ድርሰቱ «ኤኒግማ» ማለት እንቈቅልሽ የሚል ስም ያለው ሲሆን፥ ደራሲው አንዱን ዜማ በወዳጆቹ ጠባይ አምሳል በ14 ልዩ ልዩ መልክ እየለዋወጠ ያቀረበው ነበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኤልጋር ስም በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ብዙ ሰውም ይህ ሙዚቀኛ በድንገት ከሰማይ የወረደ መስሎት ተደነቀ። ነገር ግን በዚያች ዕለት ኤልጋር 42 ዓመት ሞልቶት ነበረ። ሞዛርት በ35 ዓመቱ፥ ሹበርት በ31 ዓመቱ ሥራቸውን ፈጽመው ከዚህ ዓለም እንደ ተለዩ የሚያስብ ሰው፥ እነዚህ 42 ዓመታት የት ዐለፉ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

መልሱ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ውስጥ ይገኛል። ከተማዪቱ ዉስተር ትባላለች፤ ሴቨርን የሚባለው ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል፤ በወንዙም ዳር ጥንታዊ ካቴድራል ቆሟል። ኤልጋር ከዚህች ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው ብሮድሂዝ በምትባል መንደር በጁን 2 ቀን 1857 ዓመት ተወለደ። አባቱ ዊልያም ኤልጋር በዶቨር የተወለደ፥ በ1841 ዓመት ወደ ዉስተር መጥቶ ፒያኖ በመቃኘትና በኋላም የሙዚቃ ዕቃ በመሸጥ የኖረ ሰው ነበረ። በፈረስ ተቀምጦ ከአንዱ ባላባት ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የየቤቱን ፒያኖ ይቃኝ ነበረ። እናቱ አን ግሪኒንግ ግን የእርሻ ሠራተኛ ልጅ ስትሆን መጽሐፍ ማንበብ እጅግ ትወድ ነበረ፤ የንባብንም ፍቅር ለልጇ ያወረሰችው እርሷ ናት።

የሃይማኖታቸው ነገር ጥቂት የሚያስገርም ነው። ዊልያም ኤልጋር ፕሮቴስታንት ሆኖ ሳለ ከ1846 ዓመት ጀምሮ በዉስተር የቅዱስ ጊዮርጊስ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ሆነ፤ ለእርሱ ነገሩ የእንጀራ ነገር ነበረ። ሚስቱ ግን ከእርሱ ጋር እየሄደች ቅዳሴውን ስትሰማ ልቧ ተማረከና በ1852 ዓመት ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ገባች። ባልዮው በዚህ ነገር ደስ አላለውም። ልጆቻቸው ግን በእናታቸው ሃይማኖት አደጉ። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ካቶሊክ መሆን ሰውን ከብዙ ደጅ ያርቀው ነበረ፤ የባለሱቅ ልጅ መሆንም እንዲሁ። ኤድዋርድ ሁለቱንም ይዞ ተወለደ።

ከሰባቱ ልጆች አራተኛው ነበረ። ታላቅ ወንድሙ ሐሪ በ1864 ዓመት ሞተ። ከዚያም በ1866 ዓመት ታናሽ ወንድሙ ጆ በሰባት ዓመቱ ሞተ፤ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሙዚቃ ተስጥዎ አለው ተብሎ የታሰበው ይኸው ሕፃን ነበረ። ስለዚህ ኤድዋርድ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው በሕይወት ካሉት ወንዶች ልጆች ታላቁ ሆኖ ቀረ።

የአባቱ ሱቅ በከተማው ዋና መንገድ በሃይ ስትሪት ቍጥር 10 ነበረ። ይህ ሱቅ ለልጁ ትምህርት ቤት ሆነለት። ፒያኖው፥ ቫዮሊኑ፥ መለከቱ፥ የኖታ መጻሕፍቱ ሁሉ በእጁ አጠገብ ነበሩ። ያገኘውን ያነብ፥ ያነሣውን መሣሪያ ይሞክር ነበረ። በሰንበት ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ከአባቱ አጠገብ በኦርጋኑ ሰገነት ይቀመጣል፤ 15 ዓመት በሞላው በ1872 ዓመትም በአባቱ ፈንታ ተቀምጦ ለቅዳሴ ኦርጋን መታ። ሙዚቃን እንዴት መድረስ እንደሚገባ ግን ያስተማረው ሰው የለም።

ልጁ አንድ ምኞት ነበረው። በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን እጅግ የተከበረ ነበረና፥ ወደዚያ ለመሄድ ብሎ የጀርመንን ቋንቋ ማጥናት ጀመረ። የሱቁ ገቢ ግን ለዚህ አልበቃም። አባቱ ገንዘብ የለኝም ባለ ጊዜ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ልጁ በ1872 ዓመት ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ ነገረ ፈጅ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ አንድ ዓመት ያህል ሠርቶ ተወው። ከዚያ በኋላ ሌላ ጌታ ሳያገለግል በሙዚቃ ብቻ ሊኖር ቈረጠ። የ16 ዓመት ልጅ፥ መምህር የሌለው፥ ዲፕሎማ የሌለው፥ ገንዘብ የሌለው፥ ይህን መወሰኑ ወላጆቹን እንዳሳሰባቸው መገመት አያስቸግርም።

ላይፕዚግ ስትቀር የቀረችለት ዉስተር ነበረች።

እንግዲህ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ከተማ የሙዚቃ ኑሮ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። ድምፅን የሚያስቀር መሣሪያ ገና ወደ ሰው ቤት አልገባም፤ ራዲዮ የለም። ሙዚቃ የሚፈልግ ሰው ወይ ራሱ መጫወት፥ ወይ የሚጫወት ጎረቤት መፈለግ ነበረበት። ስለዚህ በየከተማው ባለሱቁ፥ ጸሐፊው፥ ሐኪሙ፥ አናጢው ማታ ማታ ሥራውን ፈትቶ እየተሰበሰበ ለፍቅሩ ሲል ይጫወት ነበረ። አማተር የሚባለው ስያሜ ከዚሁ የወጣ ነው፤ በመሠረቱ «የሚወድ» ማለት እንጂ «የማይችል» ማለት አይደለም። እርግጥ ነው፥ የሚወድ ሁሉ ይችላል ማለትም አይደለም፤ ይህንም ኤልጋር በጆሮው በሚገባ ዐውቆታል።

በዉስተር ከነበሩት ማኅበሮች አንዱ የግሊ ማኅበር ነበረ። ግሊ ማለት ወንዶች በልዩ ልዩ ድምፅ ተካፍለው የሚዘምሩት የእንግሊዞች መዝሙር ነው። ማኅበሩ ክራውን በሚባል ሆቴል ይሰበሰብ ነበረ። ኤድዋርድ ከአባቱ ጋር ወደዚያ እየሄደ መጀመሪያ ቫዮሊን በመጫወት ዘማሪዎቹን አጀበ፤ ቀጥሎ የሌሎችን ድርሰት ለማኅበሩ በሚስማማ መልክ አዘጋጀ፤ በመጨረሻም ጓዱን መራ። በ1877 ዓመት ደግሞ በ20 ዓመቱ የዉስተር አማተር የመሣሪያ ሙዚቃ ማኅበር ቫዮሊኖችን የሚመራና አባሎቹን የሚያሠለጥን ሆኖ ተመረጠ። በዕድሜ አባቶቹ የሚሆኑ የተከበሩ የከተማ ሰዎች ከአንድ የባለሱቅ ልጅ ሥር ተቀምጠው እርማት መቀበላቸው ቀላል ነገር አልነበረም፤ እርሱም ሰውን ሳያሳዝኑ የተሳሳተ ድምፅን ማቅናት የሚቻልበትን ጥበብ ከዚያ መማር ነበረበት።

በዚያው ዓመት ከትምህርት የተገኘ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ ወደ ሎንዶን ሄደና ከታወቀው የቫዮሊን መምህር ከአዶልፍ ፖሊትዘር ዘንድ ጥቂት ትምህርት ተቀበለ። መምህሩ ይህ ልጅ በቫዮሊን ብቻውን ቆሞ ከሚጫወቱት ከፍተኛ ሙዚቀኞች አንዱ ሊሆን ይችላል ብሎ አመነ። ኤልጋር ግን በሎንዶን የታላላቆቹን ጨዋታ በሰማ ጊዜ የእርሱ ቫዮሊን ድምፅ እንደ እነርሱ የሞላ አለመሆኑን ዐወቀ፤ ይህንንም ምኞት በገዛ እጁ ተወው። ሰው ሌላው ሲያመሰግነው ራሱን መርምሮ አይሆንልኝም ማለቱ የሚያስደንቅ ነው።

ሎንዶን ሄዶ ሙዚቃ መስማት ግን አልተወም። ክሪስታል ፓላስ በሚባለው የመስተዋት አዳራሽ ኦገስት ማንስ የተባለ መሪ በየቅዳሜው ታላላቅ ድርሰቶችን ያሰማ ነበረ። ኤልጋር በማለዳ ተነሥቶ በምድር ባቡር ከዉስተር ይነሣል፤ እኩለ ቀን ገደማ ደርሶ የልምምዱን መጨረሻ ይሰማል፤ ከቀትር በኋላ ኮንሰርቱን ይሰማል፤ ከዚያም እየሮጠ ባቡሩን ይይዝና ሌሊት ቤቱ ይገባል። ሁለት ሰዓት ለማይሞላ ሙዚቃ አንድ ሙሉ ቀን መንገድ!

አሁን ወደ ዕቃ ቤቱ እንመለስ፤ የዚህ ታሪክ እጅግ ደስ የሚያሰኘው ክፍል እርሱ ነውና። ከአባቱ ሱቅ በስተኋላ አንድ አሮጌ ዕቃ ቤት ነበረ። ከ1877 ዓመት ገደማ ጀምሮ አምስት ወጣቶች በዚያ እየተሰበሰቡ በእስትንፋስ የሚነፉ መሣሪያዎችን ይጫወቱ ጀመር። ፍሉት የሚባለውን የፈረንጅ ዋሽንት የሚነፉ ሁለት ነበሩ፤ ከሁለቱ አንዱ የኤድዋርድ የልጅነት ጓደኛ ሁበርት ሌስተር ነው። የሁበርት ወንድም ዊልያም ክላሪኔት፥ የኤድዋርድ ታናሽ ወንድም ፍራንክ ኦቦ ይነፋሉ። ባሱን የሚባለውን ረጅምና ወፍራም ድምፅ ያለውን መሣሪያ የሚነፋ ስላልተገኘ፥ ኤድዋርድ ራሱ ባሱን ተማረና ጉድለቱን ሞላ።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ነበረ። ደራስያን ለአምስት ነፊዎች ሲጽፉ በተለመደው ልማድ አንድ ፍሉት፥ አንድ ኦቦ፥ አንድ ክላሪኔት፥ አንድ ባሱንና አንድ ቀንደ መለከት አድርገው ነው። በዕቃ ቤቱ ግን ሁለት ፍሉት አለ፤ ቀንደ መለከት የለም። ለእንዲህ ያለ ጓድ የተጻፈ ድርሰት በየትም ሱቅ አይሸጥም። ስለዚህ ባሱን የሚነፋው ልጅ ለጓደኞቹ መጻፍ ግዴታው ሆነ። ጻፈም፤ ለአራት ዓመት ያህል ጻፈ። አንዳንዶቹን «የዕቃ ቤት ሙዚቃ» ብሎ እየቀለደ ሰየማቸው። ጓዱ የሚሰበሰበው እሑድ ስለ ነበረና አዲስ ነገር ስለሚጠበቅበት፥ ኤድዋርድ አንዳንዱን ድርሰት በኦርጋኑ ሰገነት ተቀምጦ ስብከቱ ሲሰበክ ይጽፈው ነበር ይባላል። ክቡራን ካህናት ይህን ይቅር እንዲሉለት ይለመናሉ፤ ምናልባት ስብከቱ የረዘመ እንደ ሆነ በደሉ ከሁለት ይካፈላል።

በእነዚህ ዓመታት ራሱን በራሱ ያስተማረበት ሌላ መንገድ ደግሞ አለ። በ1878 ዓመት የሞዛርትን የጂ ማይነር ሲምፎኒ ወስዶ፥ በዚያው መሣሪያ፥ በዚያው የስፍር ቍጥር፥ ድምፁ ከቅኝት ወደ ቅኝት በሚሻገርበት በዚያው ስፍራ እየተሻገረ፥ የራሱን ዜማ ጻፈበት። የቅኔ ተማሪ በመምህሩ ቅኔ ልክ ቤቱን እየቈጠረ የራሱን ቃል እንደሚያገባ ያለ ነው። መምህሩ ከሞተ 87 ዓመት ሆኖታል፤ ተማሪው ግን በፊቱ እንደ ተቀመጠ አድርጎ ተማረ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ መዘምራንም እንዲሁ ከሞዛርት የቫዮሊን ሶናታ ዜማ ወስዶ «ግሎርያ» የሚለውን የቅዳሴ ጸሎት አዘጋጀላቸው።

ከዚህም በኋላ የመጣው ሥራ ከሁሉ ይልቅ እንግዳ ነው። ከዉስተር አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፖዊክ በሚባል ስፍራ አእምሮአቸው የታመመ ድኾች የሚጠበቁበት ታላቅ ቤት ነበረ። የቤቱ ሐኪሞች ሙዚቃና ዘፈን የሕሙማንን መንፈስ ያረጋጋል ብለው ያምኑ ስለ ነበረ፥ ከአስታማሚዎቹ መካከል የሙዚቃ ጓድ አቋቁመው ነበረ፤ በየሳምንቱም ለሕሙማኑ የጭፈራ ምሽት ይደረግ ነበረ። ኤልጋር በ1879 ዓመት በ21 ዓመቱ የዚህ ጓድ መሪ ሆኖ ተሾመ። በሳምንት አንድ ቀን ከዉስተር ወደ ፖዊክ እየሄደ አምስት ዓመት አገለገለ።

ደመወዙ በዓመት ወደ 30 ፓውንድ ገደማ ነበረ። ለጭፈራው የሚሆን አንድ ፖልካ ወይም ካድሪል በደረሰ ቍጥር ደግሞ አምስት ሺሊንግ ይከፈለው ነበረ። ኋላ የመላው ብሪታንያ የክብር ዜማዎች ደራሲ የሆነው ሰው፥ ለአንድ ዜማ የመጀመሪያ ዋጋው ይህ ነው።

ጓዱ እንዴት ያለ እንደ ነበረ ማየት ይጠቅማል። አንድ ትንሽ ፍሉት፥ አንድ ትልቅ ፍሉት፥ አንድ ክላሪኔት፥ ኮርኔት የሚባሉ ሁለት አጫጭር መለከቶች፥ ኡፎንየም የሚባል ወፍራም መለከት አንድ፥ ቫዮሊን የሚጫወቱ ስድስት ወይም ስምንት ሰዎች፥ ቪዮላ አንዳንድ ጊዜ፥ ከዚያም ቼሎ፥ ታላቁ ባስና ፒያኖ። ማንም የተማረ ደራሲ ይህን የመሰለ ቅልቅል አስቦ አያውቅም። ተጫዋቾቹ ቀኑን ሙሉ ሕሙማን ሲያነሡና ሲያስተኙ የሚውሉ አስታማሚዎች ናቸው፤ አንዱ ፈጥኖ ይማራል፥ ሌላው ከዓመት ዓመት አንድ ስፍራ ይሳሳታል። መሪያቸውም እያንዳንዱ ሰው የሚችለውን ያህል ብቻ መስጠት ነበረበት። ደካማው ቫዮሊን በክላሪኔት እንዲደገፍ፥ ኮርኔቱ ሌላውን እንዳይውጥ፥ ፒያኖው ክፍተቱን እንዲሞላ አድርጎ ይጽፋል። የጻፈውን በዚያው ሳምንት በጆሮው ይሰማል፤ ያልሆነውን ለሚቀጥለው ሳምንት ያርማል።

ይህ ነገር በላይፕዚግ ትምህርት ቤት ይገኝ ነበርን? አይመስልም። በዚያ ያለ ተማሪ በወረቀት ላይ ጽፎ ለመምህሩ ያሳያል፤ ድርሰቱን በእውነተኛ መሣሪያ የሚሰማበት ዕድል ግን በዓመት አንድ ጊዜ ቢያገኝ ነው። ኤልጋር ግን ቫዮሊን ተጫውቷል፤ ባሱን ነፍቷል፤ ኦርጋን መትቷል፤ ሌሎቹንም መሣሪያዎች በአለፍ አገደም ያልነካው የለም። የእያንዳንዱ መሣሪያ ድምፅ የት ላይ እንደሚያምር፥ የት ላይ እንደሚደክም፥ ነፊው የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው በአካል ዐወቀ። በኋላ ዘመን ሊቃውንቱ ሁሉ የኤልጋር ኦርኬስትራ አጻጻፍ ከየት መጣ ብለው ሲደነቁ፥ መልሱ ያለው በፖዊክ አዳራሽና በሱቁ ዕቃ ቤት ነው።

ዳሩ ግን ታሪኩን ከመጠን በላይ ማጣፈጥ ተገቢ አይደለም። እነዚህ ማኅበሮች ለኤልጋር ብዙ ሰጥተውታል፤ የማይሰጡትም ነገር ነበረ። በዉስተር የቱንም ያህል ቢመሰገን ምስጋናው ከከተማዪቱ በር አይወጣም። እንጀራውን የሚያገኘው ቫዮሊን በማስተማር ነበረ፤ በዓይነ ስውራን ልጆች ኮሌጅ ሳይቀር አስተምሯል፤ ማስተማርን ግን ከልቡ ይጠላ ነበረ። ትምህርት ቤት ገብተው ስም ያወጡት የዕድሜ እኩዮቹ በሎንዶን ሥራ ሲይዙ እርሱ በየመንደሩ ለፖልካ ኮርኔት ያስተካክል ነበረ። የባለሱቅ ልጅ መባሉ እስከ ሽምግልናው ድረስ ይቈረቍረው ነበረ፤ ሹመትና ማዕርግ ከተቀበለ በኋላም ይህ ቍስል አልሻረም። ድኽነት ለሰው ሁሉ ጥሩ መምህር ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ማስታወስ አለባቸው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሩ በመጠኑ ተከፈተለት። በ1878 ዓመት የሦስቱ ካቴድራሎች መዘምራን በሚሰበሰቡበት በታወቀው በዓል ኦርኬስትራ ውስጥ ከሁለተኛዎቹ ቫዮሊኖች መካከል ተቀመጠ። በ1884 ዓመት በዚያው በዓል የቦሄምያው ደራሲ ድቮርዣክ ወደ ዉስተር መጥቶ ስድስተኛውን ሲምፎኒውንና «ስታባት ማቴር» የሚለውን ድርሰቱን ሲመራ ከሥሩ ተጫወተ። ድቮርዣክም የሥጋ ሻጭና የመንደር እንግዳ ተቀባይ ልጅ ነበረ፤ በወጣትነቱም በመንደር ጓድ ተጫውቷል። ኤልጋር በእንግዳው አጻጻፍ እጅግ ተደነቀ።

ከ1882 ዓመት ጀምሮ ደግሞ በበርሚንግሃም ከተማ በስቶክሊ ኦርኬስትራ ውስጥ የመጀመሪያ ቫዮሊን ሆኖ ሰባት ዓመት ተጫወተ። በ1883 ዓመት ዲሴምበር ወር ስቶክሊ ከኤልጋር ድርሰቶች አንዱን ለማሰማት ፈቀደ፤ ሙሉ ኦርኬስትራ የኤልጋርን ድርሰት ሲጫወት ይህ የመጀመሪያው ነው። ስቶክሊም ድርሰቱን አንተው ምራው አለው። ወጣቱ ግን እንቢ አለ፤ እንደ ወትሮው በቫዮሊኖቹ መካከል በወንበሩ ተቀምጦ የገዛ ድርሰቱን ከጓደኞቹ ጋር ተጫወተ። ሕዝቡ አጨብጭቦ ደራሲውን በጠራ ጊዜ ቫዮሊኑን በእጁ እንደ ያዘ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ይህ ትሕትና ነው ወይስ ፍርሃት? ምናልባት ሁለቱም ነበሩበት።

በ1885 ዓመት አባቱ ከኦርጋን መቺነት በወረደ ጊዜ ኤድዋርድ በስፍራው ገብቶ አራት ዓመት አገለገለ። በ1886 ዓመት ካሮላይን አሊስ ሮበርትስ የምትባል፥ አባቷ በሕንድ ጦር ጄኔራል የነበሩ፥ ከእርሱ ስምንት ዓመት ያህል የምትበልጥ ወይዘሪት ልታጠና ወደ እርሱ መጣች። ዘመዶቿ የባለሱቅ ልጅ፥ ያውም ካቶሊክ ማግባቷን ተቃወሙ። እርሷ ግን በሜይ 8 ቀን 1889 ዓመት በሎንዶን አገባችው። ይህች ሴት ባትኖር ኖሮ ዓለም ኤልጋርን ባላወቀው ነበር ማለት ይቻላል።

ስለ ሠርጉ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ኤልጋር ራሱ እንደ ተናገረው፥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ካህን አባ ናይት ለሠርጉ ስጦታ አንድ መጽሐፍ ሰጡት። መጽሐፉ ካርዲናል ኒውማን ስለ አንድ ሽማግሌ ሞትና ነፍሱ ወደ አምላክ ፊት ስለምትሄድበት መንገድ የደረሱት «የጌሮንትዮስ ሕልም» የሚባለው ነው። በዚያ መጽሐፍ ጄኔራል ጎርደን በራሱ ቅጅ ላይ ያደረገው ምልክት ሁሉ ተገልብጦበት ነበረ። ጎርደን በጃንዋሪ 1885 ዓመት በካርቱም ከተማ በደርቡሾች እጅ የተገደለው የእንግሊዝ ጄኔራል ነው፤ ኤልጋር መጽሐፉን በተቀበለበት በ1889 ዓመት፥ ሠርጉ ከመሆኑ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፥ ዐፄ ዮሐንስ ከእነዚሁ ደርቡሾች ጋር በመተማ ሲዋጉ ወድቀዋል። የዓለም ነገር እንዲህ ይያያዛል፤ ከሱዳን በረሃ የወጣ የአንድ ወታደር የእርሳስ ምልክት በእንግሊዝ አገር በአንድ የሰበካ ካህን እጅ ዐልፎ ለአንድ ኦርጋን መቺ ደረሰ። ኤልጋር ይህን መጽሐፍ 11 ዓመት በልቡ ይዞ ቈየና በ1900 ዓመት ታላቅ የመዘምራንና የኦርኬስትራ ድርሰት አደረገው። በኦክቶበር 3 ቀን በበርሚንግሃም መጀመሪያ በተሰማ ጊዜ መዘምራኑ በሚገባ አላጠኑትም ነበርና ተበላሸ። ኋላ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ የበለጠ ነው የተባለው እርሱ ነው።

ከሠርጉ በኋላ ባልና ሚስቱ ሎንዶን ገብተው ዕድላቸውን ሞከሩ። በሎንዶን የሚፈልገው አልተገኘም፤ በ1891 ዓመት ወደ አገሩ ተመልሶ ማልቨርን በምትባል ከተማ ተቀመጠና እንደ ገና ቫዮሊን ማስተማር ጀመረ። ከዚያ በኋላ እስከ 1899 ዓመት ድረስ ስምንት ዓመት ነው። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል፤ በ1904 ዓመት ሰር የሚለውን ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1924 ዓመት የንጉሡ ሙዚቃ አለቃ ተባለ፤ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1934 ዓመት በዉስተር ዐረፈ።

አማተሮቹን ግን አልረሳም። በ1930 ዓመት በ73 ዓመቱ፥ በየፋብሪካውና በየከሰል ማዕድኑ የሚሠሩ ሰዎች ያቋቋሟቸው የመለከት ጓዶች በየዓመቱ ለሚያደርጉት ውድድር ድርሰት እንዲጽፍ ተጠየቀ። ለንጉሥ ዘውድ ጭነት ኦድ የደረሰው ሽማግሌ፥ ቀን ሠርተው ማታ ለሚነፉ ሠራተኞች ጻፈ፤ ስሙንም በልጅነቱ በዳሩ ስለ ተጫወተበት ወንዝ «የሴቨርን ስዊት» አለው። ውድድሩ የተደረገው በዚያው በክሪስታል ፓላስ ነበረ፤ በወጣትነቱ በማለዳ ባቡር ይሄድበት በነበረው አዳራሽ። አዳራሹም ከስድስት ዓመት በኋላ በ1936 ዓመት በእሳት ተቃጠለ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ወደ ኋላ መመለስን ይጠይቃል። በ1905 ዓመት ሴፕቴምበር ወር የዉስተር ከተማ ለኤልጋር ከተማዪቱ ልትሰጥ የምትችለውን ከፍተኛ ክብር ሰጠችው። ክብሩን በከተማው አዳራሽ ያበረከተለት የዚያ ዓመት ከንቲባ ሁበርት ሌስተር ነበረ፤ በዕቃ ቤቱ ፍሉት ይነፋ የነበረው ሁበርት። ሥርዓቱ ከተፈጸመ በኋላ ኤልጋር በዚያው ዓመት በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ የሰጠውን የዶክተርነት ካባ ለብሶ፥ ሹማምንቱ በፊትና በኋላ ሆነው፥ በሃይ ስትሪት ወደ ካቴድራሉ በሰልፍ ተጓዘ። ሕዝቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ነበረ። ሰልፉ ከቍጥር 10 ፊት በደረሰ ጊዜ፥ ከሱቁ በላይ ባለው መስኮት አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበረ፤ ያረጀውና የታመመው ዊልያም ኤልጋር ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ኤድዋርድ ከሰልፉ መካከል ዘወር አለና ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ አባቱን እጅ ነሣ።